የቻይናው ሻይ ያስቀምጣል፣ ቢጫው ክኒን ያቆማል፤ አንጀት ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

ጥያቄው ከፍኖተ ሰላም ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰላም ዶክተር። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። የሆድ ድርቀት ሲያስቸግራት ዘመድ ከአዲስ አበባ የቻይና ሻይ ላከላት። መጀመሪያ ተስማምቷት ነበር። አሁን አራት ወር ሆናት። ያለ ሻዩ ሆዷ አይፈታም፣ ጉልበቷ ዝሏል፣ ሌሊት ሌሊት ባቷን ይሸመቅቃታል። ወንድሜ ደግሞ ከቻይኖች ጋር መንገድ ሥራ ላይ እያለ ተቅማጥ ይዞት አንድ ቢጫ መራራ ክኒን ሰጡት፣ በማግስቱ ቆመለት። ሁለቱም የቻይና ዕፅ ነው ይሉናል። እንዴት አንዱ እያስቀመጠ ሌላው ያቆማል? እናቴስ ትተወው ወይስ ትቀጥል?»

እህት ዓለም፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። እናትሽ ሻዩን ያቁሙ። በዚህ ሳምንት ደግሞ ሆስፒታል ሄደው በደማቸው ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይለካ። ልባቸው ያለ ወጉ የሚመታ ከሆነ ወይም ከመቀመጫቸው ለመነሣት እስኪቸገሩ ከደከሙ ሳምንቱን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውሰጃቸው። ለምን እንዲህ እንደምል ከታች ታገኚዋለሽ። ትንሽ ይረዝማል። ግን ምክንያቱን ካላወቅሽው «ይተዉት» ብለሽ ብቻ እናትሽን ማሳመን አትችይም። አራት ወር የረዳቸውን ነገር እንዴት በባዶ ቃል ይተዋሉ?

ከውሃው እንነሣ። አንድ ትልቅ ሰው በምግብም በመጠጥም በቀን 2 ሊትር ያህል ውሃ ይወስዳል። በዚያ ላይ ምራቁ፣ የጨጓራው አሲድ፣ ሐሞቱ፣ የቆሽቱና የራሱ የአንጀቱ ፈሳሽ ወደ 7 ሊትር ይጨምርበታል። በድምሩ በየቀኑ 9 ሊትር ገደማ አንጀታችን ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። በሰገራ የሚወጣው ግን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ሁለት የቡና ስኒ ቢሞላ ነው። የቀረው ሁሉ ተመጥጦ ወደ ደም ይመለሳል። ስለዚህ ሚዛኑ ትንሽ ወደዚህ ካዘነበለ ተቅማጥ፣ ትንሽ ወደዚያ ካዘነበለ ድርቀት ነው።

አንጀት ግን ውሃን ራሱን የሚስብ ፓምፕ የለውም። ያለው የጨው ፓምፕ ነው። ጨው ወደ ሄደበት ውሃው ይከተላል። የቅኔ አገር ልጅ ስለሆንሽ በዚያው ልንገርሽ፦ የሚታየው ውሃ ሰሙ ነው፣ ወርቁ ጨው ነው። ተቅማጥ የሚያቆምም ሆነ ሆድ የሚያለሰልስ ዕፅ፣ የቻይናም ይሁን የቢቸና፣ አብዛኛው ሥራው እዚያ ጨው ላይ ነው።

ጨው ስል የወጥ ጨው ብቻ አይደለም። ሶዲየም፣ ክሎራይድ፣ ፖታሲየም፣ እነዚህ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ናቸው፣ አዮን ይባላሉ። ሙል ስላላቸው የሕዋስን ቆዳ ዝም ብለው አያልፉም። በር ይፈልጋሉ። የአንጀት ግድግዳ የተሸፈነበት ሕዋስ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ምግቡ ወደሚያልፍበት ያያል፣ የፊት በር እንበለው። ሌላው ወደ ደም በኩል ነው፣ የጓሮ በር እንበለው።

በጓሮ በኩል ቀን ከሌት የማያርፍ ፓምፕ አለ። ሦስት ሶዲየም ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ጉልበት የሚበላው እሱ ነው፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ጉልበት የሚሄድ ነው። አሁንም በጓሮ በኩል ክሎራይድ ከሶዲየምና ከፖታሲየም ጋር ተሸክሞ የሚገባ ማጓጓዣ አለ። የገባው ክሎራይድ በፊት በር ወደ አንጀቱ ቧንቧ ይወጣል። የዚህ በር ስም ሲኤፍቲአር ነው። ክሎራይድ ሲወጣ ሶዲየም በሕዋሶቹ መሃል ሾልኮ ይከተለዋል፣ ውሃም ሁለቱን ይከተላል። ይህ በልኩ ሲሆን ጥሩ ነው፣ አንጀትን ያረጥባል፣ ምግቡ ይንሸራተታል። አተት ስንል የምንፈራው ኮሌራ የሚያደርገው ይህንኑ በር ከፍቶ መተው ነው። የተህዋሲው መርዝ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለውን የሕዋስ መልእክተኛ ያበዛዋል፣ በሩ ተበርግዶ ይቀራል፣ ክፉኛ የታመመ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊወጣው ይችላል።

አሁን ወደ ወንድምሽ ቢጫ ክኒን የሚወስደንን ነገር ልብ በይ። ክሎራይድ አሉታዊ ሙል አለው። እየወጣ እንዲቀጥል የሕዋሱ ውስጥ አሉታዊ ሆኖ መቆየት አለበት፣ አለዚያ የሚገፋው የለም። ይህን የሚጠብቀው በጓሮ በር የሚወጣው ፖታሲየም ነው። አዎንታዊ ሙል ይዞ ሲወጣ ውስጡን አሉታዊ አድርጎ ይተወዋል። ሜራዊ አካባቢ የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ማሳህ ላይ ያለውን በር ብትከፍተውም ከላይ በግድቡ የተያዘው ውሃ ከፍታ ከሌለው ቦዩ አይፈስም። በሩ ሌላ፣ የሚገፋው ኃይል ሌላ ነው።

ቻይኖች ለተቅማጥ በየቤታቸው የሚይዙት ቢጫ መራራ ክኒን በአብዛኛው በርበሪን ነው። ወንድምሽ የተሰጠውን ማሸጊያውን ሳላይ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ ግን አገላለጽሽ ከዚህ ጋር ይሄዳል። በርበሪን ሁዋንግ ሊየን ከሚባል ተክል ሥር ይገኛል፣ ትርጉሙም ቢጫነቱን የሚያነሣ ነው። በቤተ ሙከራ ሲታይ በርበሪን የሚነካው በተለይ የጓሮውን የፖታሲየም በር ነው። እሱን ሲያጠብበው የሚገፋው ኃይል ይደክማል፣ የፊቱ በር ክፍት ቢሆን እንኳ ክሎራይዱ እንደ ልቡ አይፈስም። ከዚህ ሌላ አንዳንድ ተህዋስያንን ያዳክማል። ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ግን በጣም ጥቂት ነው። ለሌላ በሽታ ሲሆን ይህ ድክመቱ ነው፣ ለተቅማጥ ሲሆን ግን የሚፈለገው ቦታ ላይ ይቀራል።

«በቤተ ሙከራ» ስል በምን እንደሚታወቅ ልንገርሽ፣ እኔ ይህን ሙያ የወደድኩት በዚህ መሣሪያ ነው። ሃንስ ኡሲንግ የሚባል የዴንማርክ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1951 የእንቁራሪት ቆዳ በሁለት የጨው ውሃ መሃል ወጥሮ በቆዳው ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ለካ። ጨው ሲያልፍ ሙል ያልፋል፣ ሙል ሲያልፍ ደግሞ ፍሰቱ በመለኪያው ይታያል። ዛሬም የአይጥ አንጀት ቁራጭ በዚያው ዓይነት ሳጥን ውስጥ ይወጠርና የዕፁ ጭማቂ በፊት በኩል ወይም በጓሮ በኩል ጠብ ይደረጋል። ፍሰቱ ከጨመረ ዕፁ ጨው እያስወጣ ነው፣ ከቀነሰ እየከለከለ ነው። ከዚያ አንዱን በር በታወቀ መድኃኒት ዘግተሽ ትደግሚዋለሽ፤ ዕፁ ሥራውን ካቆመ በዚያ በር ነበር የሚሠራው ማለት ነው። ተማሪ ሳለሁ መስመሩ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ ያየሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አያቴ «ሆድ ያሥራል» የምትለው ነገር መስመር ሆኖ ሲታይ ሌላ ስሜት ነው።

ሳጥን ውስጥ የሠራ ሁሉ ግን ሰው ላይ አይሠራም። ወደ ደም የሚመጠጠው መጠን ይለያል፣ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይለውጡታል። ለበርበሪን የሰው ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ባንግላዴሽ ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ኢ ኮላይ በሚባል ተህዋሲ ተቅማጥ የያዛቸው ትልልቅ ሰዎች አንድ ጊዜ 400 ሚሊ ግራም ወስደው በ24 ሰዓት ውስጥ 42 በመቶው ቆመላቸው። ሳይወስዱ ከቀሩት የቆመላቸው 20 በመቶው ነው። ጥሩ ውጤት ነው። ግን ተመልከቺ፣ ሳይወስዱም ከአምስቱ አንዱ በማግስቱ ድኗል። ወንድምሽም ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ኮሌራ ላይ ደግሞ ጥቅሙ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ ለወንድምሽ ንገሪው፦ ክኒኑ የኦአርኤስን ቦታ አይተካም። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ኮሌራ የክሎራይዱን በር ሲበረግድ ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው የሚገቡበትን ሌላ በር አይነካውም። ኦአርኤስ የተሠራው በዚያ ክፍተት ነው። በሊትሩ 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ አለው፤ ጨውና ስኳሩ ተያይዘው ይገባሉ፣ ውሃውን ይስቡታል። ትኩሳት ካለ፣ ደም ከተቀላቀለ፣ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ ከነጣ ክኒን አይፈለግም፣ ጤና ጣቢያ ነው። በርበሪን ለአራስ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር አስነሥቶ ብጫ ሊያደርገውና አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። ነፍሰ ጡርም አትውሰደው።

አሁን ወደ እናትሽ ሻይ።

ለድርቀትና ለውፍረት ተብለው የሚሸጡ የቻይና ሻዮች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሁለት ተክሎች ናቸው። አንዱ ዳ ሁዋንግ ነው፣ ሩባርብ የሚባለው ተክል ሥር። ሌላው በቻይንኛ «ፋን ሲዬ የ» ይባላል። ይህ ስም ሲተረጎም «የሚያስቀምጥ የባዕድ ቅጠል» ማለት ነው። ባዕድ ያሉት እውነታቸውን ነው፣ የቻይና ተክል አይደለምና። የእኛው ሰናመኪ ነው። እናትሽ ቤት አጠገብ ካለው ገበያ የሚያገኙትን ቅጠል ቤጂንግ አዙረው እየጠጡት ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ውስጥ ሴኖሳይድ የሚባል ነገር አለ። ይህ ቅመም ሲዋጥ ምንም አይሠራም፣ ትንሹን አንጀት ዝም ብሎ ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ይሰብሩትና ሬይን አንትሮን የሚባል ነገር ይወጣዋል፣ የሚሠራው እሱ ነው። ለዚህ ነው ማታ ተጠጥቶ ጧት የሚያስሮጠው፣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። አንድ ሰው አንቲባዮቲክ እየወሰደ «ሻዩ እምቢ አለኝ» ካለሽ ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሰባሪዎቹ ባክቴሪያዎች ሞተዋል። ሬይን አንትሮን የአንጀቱን ግድግዳ ያስቆጣዋል፣ ፕሮስታግላንዲን የሚባል የሕዋስ መልእክተኛ ይወጣል፣ ክሎራይድ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ውሃ ይከተላል። ከዚህም በላይ ውሃ ወደ ደም የሚመለስባቸውን አኳፖሪን የሚባሉ ቀዳዳዎች ይቀንሳቸዋል። የወጣው ውሃ መመለሻ ያጣል። አንጀቱም ይጨመቃል፣ ቁርጠቱ የዚያ ነው።

ዳ ሁዋንግ የሚገርም ተክል ነው። ታኒን የሚባል አፍ የሚያኮማትር ነገርም ስላለው በትንሹ ሲወሰድ ሆድ ያሥራል፣ በብዛት ሲወሰድ ያስቀምጣል። የቻይና ሐኪሞች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ እንዲያስቀምጥ ሲፈልጉ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይጨምሩታል፣ እንዲለዝብ ሲፈልጉ አብዝተው ያፈሉታል። ብዙ ሲፈላ የሚያስቀምጠው ይሰበራል፣ ታኒኑ ይቀራል። አየሽ፣ የጥያቄሽ መልስ አንድ ተክል ውስጥ እንኳ አለ።

የእኛ መቅመቆ የዚሁ የሩባርብ ቤተሰብ ነው። ሥሩ ውስጥ ኢሞዲንና መሰሎቹ አሉበት፣ እነሱም ከሴኖሳይድ ጋር አንድ የኬሚካል ዘር ናቸው። ጎጃም ውስጥ መቅመቆ አፍልቶ ለደም ግፊት የሚጠጣ ብዙ ሰው አለ። እናትሽን ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው፣ በሻዩ ላይ መቅመቆም ደርበው እንዳይሆን። እናቶቻችን ይህን ለሐኪም አይናገሩም፣ መድኃኒት ነው ብለው አይቆጥሩትምና።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። ትልቁ አንጀት ውሃ ሲያጣ ፖታሲየምም አብሮ ይሄዳል። እናትሽ የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ፣ ሽንት የሚያበዛው ማለት ነው፣ እሱም በኩላሊት በኩል ፖታሲየም ያስወጣል። ሻዩ ውስጥ ጋን ጻኦ ካለ ደግሞ ሦስተኛ ቀዳዳ ይከፈታል። ጋን ጻኦ ያ ጣፋጭ ሥር ነው፣ እንግሊዞች ሊኮሪስ የሚሉት፤ ጣዕሙን ለማለስለስ ብዙ የቻይና ቅመም ውስጥ ይገባል። በውስጡ ያለው ነገር ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን የሚያከስመውን ኢንዛይም ያግዳል። ያልከሰመው ኮርቲሶል አልዶስትሮን የሚባለው ሆርሞን መስሎ ኩላሊቱን «ሶዲየም ያዝ፣ ፖታሲየም ጣል» ይለዋል። ውጤቱ ግፊት መጨመር ነው። ለግፊት መድኃኒት እየዋጡ ግፊት የሚጨምር ሻይ መጠጣት ይሆናል።

የባት መሸምቀቅና የጉልበት መዛል ከዚህ ጋር በጣም ይሄዳል። ጤናማው የደም ፖታሲየም በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ነው። ሲወርድ ጡንቻ ይደክማል፣ የልብ ምት ይዛባል። እና አንድ ሰው የማይጠረጥረው ነገር፣ አንጀትም ጡንቻ ነው! ፖታሲየም ሲያጣ አንጀቱ ራሱ ይሰንፋል፣ ድርቀት ይብሳል። ድርቀት ሲብስ ሻይ ይጨመራል፣ ሻይ ሲጨመር ፖታሲየም ይወርዳል። «ያለ ሻዩ ሆዷ አይፈታም» ያልሽው ምናልባት የመጀመሪያው ድርቀት አይደለም፣ ሻዩ የወለደው ነው።

ይህን ካነበብሽ በኋላ ግን ፋርማሲ ሄደሽ የፖታሲየም ክኒን እንዳትገዢ። እናትሽ የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል ከሆነ እሱ ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል፣ በላዩ ክኒን ሲጨመር ልብ ሊያቆም ይችላል። መጀመሪያ ይለካ።

ብሳናን ሳላነሣ ብቀር ቅር ይለኛል፣ ምክንያቱም «ከአንድ ዘር ነው፣ አንድ ዓይነት ይሠራል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ደጃችን ያለው ብሳና ክሮቶን ከሚባለው ወገን ነው። የዚያው ወገን የሆነ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ አለው፤ ከእሱ የወጣው ክሮፈለመር የሚባል መድኃኒት የሲኤፍቲአርን በር ራሱን ይዘጋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስዱ ተቅማጥ ላስቸገራቸው ሰዎች ፈቅዳዋለች። የቻይናው ወንድሙ ባ ዶው ደግሞ የፍሬው ዘይት ከባድ የሚያስቀምጥ መርዝ ነው፣ ጥቂት ጠብታው ሰው ያዋርዳል። አንድ ወገን፣ አንዱ ይዘጋል አንዱ ይበረግዳል። ብሳናን በሚያሳክክ ቁስል ላይ ሲቀቡት አይቻለሁ፣ በሆድ ግን በግምት አይሞከርም። የቻይና፣ የአገር ቤት፣ የተፈጥሮ፣ እነዚህ ቃላት የትኛው በር እንደሚከፈት አይነግሩሽም።

እናትሽን እንዲህ አድርጊ። የሻዩን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ፣ የግፊት መድኃኒቱንም እንዲሁ። ሻዩ ሲቆም ለጥቂት ቀናት ሆዳቸው ጭራሽ እምቢ ሊል ይችላል፣ ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አለዚያ በሦስተኛው ቀን ይመለሱበታል። ተልባ ፈጭተሽ በብዙ ውሃ በጥብጠሽ ስጪያቸው፤ ተልባ ጨው አያስወጣም፣ ውሃ ይዞ ያብጣል፣ ያው ነው ሥራው። ውሃ ግን መብዛት አለበት፣ ውሃ ያነሰው ተልባ ራሱ ይደርቃል። ጎመን፣ ገብስ፣ ከቁርስ በኋላ ሳይቸኩሉ መቀመጥ፣ ትንሽ በእግር መሄድ። ካልበቃ ላክቱሎስ የሚባል ሆድ የሚያለሰልስ ሽሮፕ አለ፣ ሐኪሙን ጠይቁት። የግፊት መድኃኒቱ ራሱ ድርቀት አምጥቶ እንደሆነም ይታይ፣ አንዳንዶቹ ያመጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትፈሪ ጠይቂያቸው። ከ60 በኋላ አዲስ የመጣ ድርቀት ሁልጊዜ የምግብ ነገር አይደለም። ሰገራ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ? ክብደታቸው ቀንሷል? የሰገራው ውፍረት ቀጥኗል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ የትልቁ አንጀት ምርመራ ይፈልጋሉ፣ ሻዩ እስካሁን ምልክቱን ሸፍኖት ሊሆን ይችላል።

የማሸጊያውን ጀርባ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ቻይንኛውን አብረን እናነበዋለን። የፖታሲየሙ ውጤት ሲመጣም ቁጥሩን ጻፊልኝ።